የቱን ቁልፍ?

ወሰን ሰፈር በምሠራበት ጋራዥ፣ ደመወዝ የሚገባ ቀን የሁላችንም ስልክ ባንድ ጊዜ ይጮኻል። ጓደኞቼ መፍቻቸውን አስቀምጠው መልእክቱን ያያሉ። እኔ ቶሎ አላይም። መጀመሪያ እህቴ ሰናይት በሐሳቤ ትመጣብኛለች።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ሰናይት እዚሁ ሰፈር የአንድ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። ኩላሊቷን ያማት ስለነበር፣ በጳጉሜ መድኃኒቷን ይዛ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ገባች።

አንድ ቀን ደወለች። የዓውደ ዓመቱ ደመወዝ አልተላከም። ፋይሉ ከድርጅቱ ወደ ባንኩ በኢንተርኔት የሚሄደው እሷ ስታጸድቀው ብቻ ነው።

"ላፕቶፔንና ቁልፌን ይዘህልኝ ና፣ ማሙሽ።"

ድምጿ ይቆራረጣል። እኔን ደግሞ ልጆቹ ኳስ ሜዳ እየጠበቁኝ ነበር። የቱን ቁልፍ ብዬ አልጠየቅኩም። ላፕቶፑን ይዤ፣ ከምስማሩ ላይ የቤቱን ቁልፍ አውርጄ ወጣሁ።

ዳገቱ ጭቃ ነበር። ባሕር ዛፉ ዝናብ ጠጥቶ ይሸታል። ሰናይት ነጠላዋን ተከናንባ ደጅ ተቀምጣለች። ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖርኩላት። አየችው፤ አየችኝ።

"በዚህ የባንኩን በር ልክፈትላቸው?"

ጎኗን ይዛ ሳቀች። ለካ ቁልፍ የምትለው መሳቢያዋ ውስጥ ያለችውን ፍላሽ የምትመስል ነገር ኖሯል።

"ፋይሉን የታሸገ ደብዳቤ በለው" አለችኝ። "እሷ ማኅተሜ ናት። ያለ እሷ ባንኩ አይቀበለኝም።"

"ሮጬ ላምጣት።"

"ወርደህ እስክትመለስ ባንኩ ይዘጋል። እኔው ልውረድ።"

አብረዋት የሚጠመቁ አንዲት እናት "ሱባኤሽን ሳትጨርሺ፣ ልጄ?" አሏት።

"ታዲያ ሠራተኛው በምን ዶሮ ይግዛ፣ እማማ?"

ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘን። ጃኬቴን ሰጠኋት፤ እሱም ራሰ። ቤት ገብታ፣ ፀጉሯን እንኳ ሳታደርቅ ፋይሉን ላከችው። ትንሽ ቆይቶ የድርጅቱ ጥበቃ ደወሉላት።

"ገባልን እኮ፣ ሰኒዬ። ዕድሜ ይስጥሽ።"

ማታውን ትኩሳት ያዛት። ወደ እንጦጦ አልተመለሰችም። መስቀልን ሐኪም ቤት አሳለፈች፤ ጥቅምትን አላየችም።

ሐኪሟ በሽታው ቀድሞም ጠንቶ ነበር፣ የዝናቡ ጉዳይ አይደለም ብሎኛል። አባቴም እንደዚያ ይላል። እሰማቸዋለሁ። ግን... እንዴት ልበለው። ከዚያ ወዲያ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። ያንን ሳቅ ልወደውም ልጠላውም አልቻልኩም።

ዛሬ ጋራዡ ውስጥ አንድ መኪና ብቻ ቆሟል። አለቃዬ "ቁልፉን አቀብለኝ" አለኝ።

"የቱን?" አልኩት።

ሳቀብኝ። ይሳቅ።