በክረምት የሠራነው ቋንቋ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በሽቦ ባጠረበት ክረምት እኔና ጓደኛዬ ከተማው ውስጥ ተዘጋብን። ሁለታችንም የዲማ ቅኔ ቤት ተማሪዎች ነበርን፤ የመጣነው ለቅዳሜ ገበያ፣ ቀለምና ቁራሽ ፍለጋ ነው። በማግስቱ ያለ ፈቃድ ወረቀት መውጣት ተከለከለ። ፈቃድ የሚያገኘው ደግሞ ዋስ ያለው ነው፤ እኛን ማን ይዋሰን! ከአንዲት ጠላ ሻጭ ጓሮ ባለች ጎጆ ተጠግተን ሁለት ወር ሙሉ ዝናብ ስናይ ከረምን።

ሥራ መፍታት ያሳብዳል። አዲስ ቋንቋ እንሥራ ያልኩት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ «ግዕዙን መቼ ጨረስነውና?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ሁለት ቀን ቆይቶ ግን ከኔ ብሶ ቁጭ አለ።

ግሱን ያበጀሁት እኔ ነበርኩ። ድርጊቱ ወደ ሌላ ሰው የሚሻገር ከሆነ ከፊቱ «ሲ» ይገባል፤ ከአድራጊው የማያልፍ ከሆነ እንዲሁ ባዶውን ይቀራል። ከኋላው ደግሞ ድርጊቱ ያረፈበትን ሰው የሚያሳይ ጭራ አለው፤ ለእኔ «ና»፣ ለአንተ «ኪ»፣ ለእሱ «ሹ»። መተኛት አይሻገርም ብል ጓደኛዬ እምቢ አለ። «እንግዳ መጥቶ መደቤ ላይ ሲተኛብኝስ? የተጎዳሁት እኔ አይደለሁ?» ሦስት ቀን ተሟገትንበት። አሸነፈኝና ለተጎጂ የሚሆን ሌላ ጭራ ጨመርን። በእነዚያ ሦስት ቀናት እስረኛ መሆኔን ረስቼው ነበር።

ጽሕፈቱ ስለሚያምር የጻፈው እሱ ነው። ቅኔ ቤት ግስ የሚጀመረው «ቀተለ» ከሚለው ነው፤ ገደለ ማለት ነው። የኔታ በዚሁ ጀመሩልን፤ ለእሳቸውም መምህራቸው በዚሁ ጀምረውላቸዋል። ሌላ አጀማመር ይኖራል ብለን አላሰብንም። ስለዚህ የመጀመሪያው ገጽ ከነፍቺው እንዲህ ይላል፦ ሲዶምና፣ ገደለኝ። ሲዶምኪ፣ ገደለህ። ሲዶምሹ፣ ገደለው። እንዲህ እያለ እስከ «ገደላቸው» ይወርዳል።

ፍተሻ የመጡት ወታደሮች ይህን ገጽ አገኙት። ከአርበኛ ጋር ሲላላክ የተያዘ እንደሚረሸን የማያውቅ የከተማ ሰው አልነበረም። ምሽጋቸው ውስጥ ለየብቻ አሰሩንና እኔን አስቀድመው ወደ ጣሊያኑ ሹም አቀረቡኝ።

«የተገደለው ማን ነው?» አለኝ አስተርጓሚው።

«ማንም። ግስ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?»

ድርጊቱ የሚያርፍባቸው ናቸው ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። ስለ «ሲ» ተናገርኩ፤ ስለ ጭራዎቹ ተናገርኩ። ባስረዳሁ ቁጥር ነገሩ የአርበኞች ምስጢር እየመሰለ ሄደ። ዝም ስል ደግሞ ሹሙ ፊቱ ይጠቁራል። መውጫ አጣሁ።

በመጨረሻ አስተርጓሚው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። «ጽሕፈቱ የማን ነው? የጻፈው ይቀራል፤ ሌላው ይሄዳል።»

«የእሱ ነው» አልኩ።

አልዋሸሁም። ቋንቋውን ማን ሠራው ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም።

በዚያው ቀን ለቀቁኝ። እሱን በነጋታው በካሚዮን ጭነው ወሰዱት፤ የት እንዳደረሱት እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከሳምንት በኋላ እናቱ መያዙን ሰምተው ከደብረ ወርቅ በእግራቸው መጡ። ወደ ከተማው አላስገቧቸውም፤ በር ላይ ሆነው በሰው አስጠሩኝ። ለልጃቸው ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል።

«ልጄ ምን አጠፋ?» አሉኝ።

«ምንም አላጠፋም፣ እማማ። የጻፈው ወረቀት ተገኘበት።»

«ብቻውን ነው የጻፈው?»

«ብቻውን» አልኳቸው። ይህን እንድል ያስገደደኝ ማንም አልነበረም።

ብዙ አለቀሱ። ከዚያ ቋጠሮውን ፈትተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «በል ብላ፣ ልጄ። አንተ እንኳ ተረፍክልኝ።»

እሳቸው እያዩኝ በላሁ።