ሾፌር ያጣ ኮምፒውተር

ዘሀቢያ መተማ ዮሐንስ ላይ፣ ወደ ሱዳን በሚያሻግረው የገላባት ድልድይ በሚወርደው መንገድ ዳር ማመልከቻ በመጻፍ ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች። መሬቱ የተነጠቀ፣ መታወቂያ የጠፋበት፣ ባሏ ጥሏት የሄደ፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚመጣው እሷ ዘንድ ነው። በነዚህ ዓመታት የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር፣ ቢሮ «የለም» ሲል የለም ማለት እንዳልሆነ ነው። አንዳንዴ ፋይሉ አለ፣ የሌለው ሠራተኛው ነው። አንዳንዴ ሠራተኛውም አለ፣ ግን ከበላይ ተከልክሏል።

ኮምፒውተሯ ከሱዳን በኩል የገባ፣ ፊደሎቹ ግማሽ በግማሽ አረብኛ የሆኑ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። የከባድ መኪና ሾፌሮች በየፍላሻቸው ቫይረስ እየጫኑ ቢያስቸግሯት፣ ጎንደር የምትማረው የእህቷ ልጅ ሩፊዳ ዊንዶውሱን አጥፍታ ሊኑክስ ጫነችበት። «አክስቴ፣ ይሄንንስ ቫይረስ አይደፍረውም» አለቻት። እውነትም አልደፈረውም።

ነሐሴ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሸሕዲ ወዲያ ሰሊጥ የሚያርሱት ጋሼ ያረጋል አዲስ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ሚስታቸው ከሞተች አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን ዘመድ መሀል ገብቶ፣ አብደራፊ ላይ ምግብ ቤት ካላት አሰበች ከምትባል ሴት ጋር አገናኝቷቸዋል። መንገዱን ዝናብ ስለዘጋው በአራት ሰዓት በቪዲዮ ሊተያዩ ተቀጣጥረዋል።

«በስልክ አይሆንም ነበር?» አለች ዘሀቢያ።

«በስልክማ ፊቷ የጥፍሬን አታክልም። የማገባትን ሴት በወጉ ልያት እንጂ!»

ዘሀቢያ ሌላ ጊዜ የምትጠቀመው የጎረቤቷን የጨርቅ ነጋዴ የአብዱረሕማንን ዋይፋይ ነው። ኮምፒውተሩን ስትከፍት ግን ዋይፋይ የሚባል ነገር የለም። ደከመ፣ ተቆራረጠ ቢሉት ደግ ነበር፤ ምልክቱ ራሱ ከስክሪኑ ጥግ ጠፍቷል።

አብዱረሕማን ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደጣለ መጣ። «ሙቀት ነው። ከዚሩ አጠገብ አስቀምጭውና ይብረድለት» አለ፤ የውሃውን ጋን እያሳየ። የባጃጅ ነጂው ሳጂድ ደግሞ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ፣ «አጥፍተሽ አብሪው፣ እትዬ ዘሀቢያ» አላት። አጠፋች፤ አበራች። ሦስት ጊዜ። ዋይፋዩ አልመጣም፤ ሰዉ ግን እየተጠራራ መጥቶ ቤቱን ሞላው።

ሩፊዳ ጋ ደወለች። ልጅቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበረችና በሹክሹክታ መለሰችላት።

«አክስቴ፣ ጥቁሩን መስኮት ክፈቺ። የምነግርሽን ጻፊ።»

ዘሀቢያ ጻፈች። መስኮቱ ብዙ መስመር ተፋ። መነጽሯን አስተካክላ እንደ ውሳኔ ግልባጭ እያንዳንዱን አነበበች፤ ሰባተኛው መስመር ላይ የዋይፋዩ ካርድ ስሙ ተጽፎ አገኘችው።

«ተመዝግቧል!» አለች። «ዕቃው አለ! የሌለው ሠራተኛው ነው።»

«ትክክል፣ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ ነው የሌለው» አለች ሩፊዳ። «ትናንት አፕዴት አድርገሽ ነበር?»

«ጠየቀኝ፤ እሺ አልኩት። ሰው በትሕትና ሲጠይቅ ምን ይባላል?»

ከዚያ ወደ ሰዉ ዞራ፣ «ሾፌር የለውም» ብላ አስታወቀች።

ሳጂድ ከበሩ ጮኸ፤ «እኔ አለሁ! ወዴት ነው?»

ሾፌሩን ለማምጣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ሾፌሩ። ዘሀቢያ እንዲህ ያለውን አዙሪት በየቢሮው ታውቀዋለች። ሩፊዳ ግን በጓሮ አስገባቻት፤ ስልኳን በቻርጀር ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር እንድታያይዘው ነገረቻት። ኢንተርኔቱ በገመዱ ገባ።

«እንግዲህ መጣ» አሉ ጋሼ ያረጋል፣ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው። «እንደውል።»

«ይጠብቁ፣ ጋሼ። ገና አልጨረስኩም።»

«ሴትዮዋ ትቀየመኛለች እኮ፣ አራት ሰዓት ተኩል ሆነ!»

«በገመድ ተንጠልጥለው ሚስት አያጩም» አለች ዘሀቢያ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ የሷና የኮምፒውተሩ ጠብ ሆኗል፤ ጋሼ ያረጋልን ረስታቸዋለች። ሾፌሩን ጫነች፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራ፤ ምልክቱ ተመለሰ። ሰዉ አጨበጨበ። ነገር ግን ምልክቱ ግራጫ ነው፤ ቢጫኑት አይሰማም።

«አሁን ደግሞ ማን ከለከለው?» አለች፤ ላቧ በግንባሯ ይወርዳል።

ሩፊዳ አንድ ቃል ፊደል በፊደል ነገረቻት። ዘሀቢያ ጽፋ አየችውና እጇን አነሳች።

«ኪል ይላል። መግደል አይደል እንዴ? ማንን ልታስገድዪኝ ነው?»

ሰዉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ማንም አይሞትም፣ አክስቴ፤ የከለከለውን ነው የሚያሳይሽ። ጠዋት አቧራ ስትጠርጊ የአውሮፕላን ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ነክተሽ ይሆናል።»

«መተማ ላይ ምን አውሮፕላን አለ?» አለ አብዱረሕማን።

ዘሀቢያ ክልከላውን የሚያነሳውን ትእዛዝ ጽፋ የመጨረሻውን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። የአብዱረሕማን ሱቅ ስም ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። አብዱረሕማን ሰርጉ የሱ ይመስል እየዞረ ሰው ጨበጠ።

ተደወለ። አሰበች ስክሪኑን ሞልታ መጣች፤ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ ከጀርባዋ ትልልቅ ድስቶች ተደርድረው። ጋሼ ያረጋል ቆባቸውን አወለቁ። እሷ ደግሞ ዐሥራ አራት ፊት ታያለች።

«ጤና ይስጥልኝ» አለች። «የትኛው ነዎት?»

ዐሥራ ሦስት ጣት ጋሼ ያረጋል ላይ ተቀሰረ።

«ሸሚዝዎ ያምራል። እስቲ ተነሥተው ይታዩኝ።»

ተነሡ። ከጉልበታቸው በታች ሱሪ ይኑር አይኑር አይለይም፤ ሁሉም የዋልካ ጭቃ ነው። ዘሀቢያ ካሜራውን ቀና ልታደርግ እጇን ስትዘረጋ አሰበች ሳቀች፤ ድስቶቹ እስኪንኳኩ ድረስ የሚያስተጋባ ሳቅ።

«ዘመዴ፣ ገበሬ ነው ሲለኝ፣ ዋሽቶኝ ነጋዴ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር» አለች። «ነጋዴስ አልፈልግም።»

አብዱረሕማን አጎነበሰ።

ሰሊጡ እንደተሰበሰበ አብደራፊ ሄደው ሊያዩዋት ተስማሙ። ጋሼ ያረጋል ለስክሪኑ እጅ ነሥተው፣ ቆባቸውን ደፍተው፣ መልካም ስማቸው ሳይበላሽ ቶሎ ወጡ። አሰበች ግን አልዘጋችም። ዘሀቢያን፣ «አንቺ ነሽ ያስተካከልሽው?» ብላ ጀመረቻት፤ ከዚያ ስለ ቀን ሠራተኛ ጠባይ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ሞቱት ባሎቻቸው ሲያወሩ ስድስት ሰዓት ሆነ። ወሬውን ያቋረጠው ዋይፋዩ ሳይሆን፣ «ዘሀቢያ፣ ማመልከቻዬስ?» እያለ በር ላይ ሲጮህ የቆየ ባለጉዳይ ነበር።