የማዳም የጃፓን ሳጥን

በቀደም ዙሪክ ውስጥ፣ ቪዲኮን ሰፈር ከትራም ወርጄ ወደ ቤቴ ስሄድ ዝናብ ያዘኝና አንድ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ገና በሩን ስከፍት ቀዝቀዝ ያለ፣ አፍንጫን ሰንፈጥ የሚያደርግ የእንጨት ሽታ ተቀበለኝ። ሻጩ «የጃፓን እንጨት ነው፣ ብል አይደፍረውም» አለኝ። እኔ ግን ልቤ ዙሪክን ጥሎ ጄኔቫ ደርሷል።

ያኔ የምንኖረው «ለዛቫንሼ» በሚባል የጄኔቫ ሰፈር ነበር። እናቴ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ትረዳ ነበር፤ ማዳም ነበር የምንላቸው። ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት ስለሌለኝ አብሬያት እሄዳለሁ። የእናቴ ፈረንሳይኛ ከ«ቦንዡር» ብዙም አያልፍምና አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

የማዳም ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ያው የእንጨት ሽታ ያለው አንድ ጥቁር ሳጥን ነበር። ቅድመ አያታቸው በዚያ በመርከብ ዘመን ሰዓት ሊሸጡ ጃፓን ድረስ ሄደው ያመጡት ነው። በቀን ሲያዩት ጥቁር ነው፣ በቃ። ጀምበር አዘቅዝቃ ብርሃኑ ከጎን ሲነካው ግን ወርቁ ከጥቁሩ ውስጥ ብቅ ይላል፤ መጀመሪያ ማዕበሉ፣ ቀጥሎ ደመናው፣ ከደመናው መሃል ደግሞ ዘንዶ፣ ቅርፊቱ አንድ በአንድ እያበራ። ትንፋሼን ውጬ ነበር የማየው። የሰው እጅ ይህን ይሠራል ብዬ ማመን ያቅተኝ ነበር፤ እንዲያውም እስከ ዛሬ ያቅተኛል።

እናቴ ግን ጴንጤ ናት፣ ያውም የለየላት! ለእሷ ዘንዶ ማለት ያ ራእይ ላይ የተጻፈው ነው። አቧራ መጥረግ ሥራዋ ስለሆነ ትጠርገዋለች፤ ስትጠርግ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ «በኢየሱስ ስም! በኢየሱስ ስም!» እያለች ትገሥጸዋለች። እኔ ሳቄን ማፈን ነበር ሥራዬ።

አንድ ቀን ማዳም ሰሙ። «ምን እያለች ነው?»

«እየጸለየች ነው» አልኳቸው፤ እውነቴን ነው።

ሳጥኑ ፊት የምትጸልየው ላመጡት ሰው መስሏቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ለቅድመ አያቴ የጸለየ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ። ለእናቴ ስነግራት ክው አለች፤ ጴንጤ መቼ ለሞተ ሰው ይጸልያል! ግን የአሮጊት ሴት ልብ እንዴት ይሰበራል? ከዚያ ወዲያ ማዳም እጃቸውን አጣጥፈው አጠገቧ ይቀመጡ ጀመር። እሷ ዘንዶውን ትገሥጻለች፣ እሳቸው «አሜን» ይላሉ።

ኋላ ማዳም ጉልበታቸው ከዳቸውና አረጋውያን ቤት ሊገቡ ሆነ። ሳጥኑን ለእናቴ ሊሰጧት ማሰባቸውን ሲነግሩኝ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ያ ወርቅ እኛ ቤት ሊመጣ!

ተረጎምኩላት። «ዘንዶማ ቤቴ አይገባም» አለች። ወዲያው ደግሞ «የትልቅ ሰው ስጦታስ እንዴት ይመለሳል? ምን ይሻለኛል?» ብላ አየችኝ። ይህን ጊዜ ማዳም የእናቴን እጅ ይዘው ክዳኑ ላይ አኖሩት። «ለእኔም ትጸልይልኝ በያት» አሉ።

እናቴ እጇን ልትሰበስብ ቃጣት። ከዚያ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ ሳጥኑን አየችው። የማታ ፀሐይ ክዳኑ ላይ ነበረች።

«ጌታ ሆይ፣ ይህን የሠራውን እጅ የሠራኸው አንተ ነህ» አለች። ስለ ማዳም ጉልበት፣ ስለ እንቅልፋቸው፣ ስለ ብቸኝነታቸው ጸለየች። ስትጨርስ «ሳጥኑ ከእሳቸው አይለይ። እኔ እየመጣሁ እጠርግላቸዋለሁ በያቸው» አለችኝ። እያለቀስኩ ተረጎምኩ። ማዳም ለሳቸው ያለቀስኩ መስሏቸው ግንባሬን ሳሙኝ።

እሑድ እሑድ ከቸርች ስንወጣ በአውቶቡስ እንሄድ ነበር። ሳጥኑ ከአልጋቸው አጠገብ፣ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አንድ እሑድ ስንደርስ አልጋው ባዶ ነው፤ አንሶላው ተነሥቷል። ነርሷ ማዳም ማረፋቸውን፣ ዕቃቸውንም ዘመድ መጥቶ መውሰዱን ነገረችን።

እናቴ ቦርሳዋን ከፍታ የለመደችውን ለስላሳ ጨርቅ አወጣችና ባዶውን ጠረጴዛ ቀስ ብላ ከዳር እስከ ዳር ጠረገችው።