ከስኳር ጋር እየኖርኩ ያየሁት ምሕረት

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ! ዛሬ እዚህ ፊታችሁ የቆምኩት ጌታ ያደረገልኝን በሆዴ ይዤ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። አለሙ እባላለሁ፤ ከእንጅባራ ጫግኒ ሚኒባስ የምነዳው። ንግግር አልችልም፣ የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ።

ባለቤቴ አበቡ ጌታን የተቀበለችው ከእኔ በፊት ነው። እሁድ እሁድ "ዛሬ እንኳ አብረን እንሂድ" ስትለኝ "እኔ መንገደኛ ነኝ፣ ለእኔም ጸልዪልኝ" ብዬ ቀልጄባት እወጣ ነበር። ጫግኒ ስደርስ ሙቀት ነው፣ ለስላሳ በላይ በላዩ እጠጣለሁ። እንጅባራ ስመለስ ያገኘሁትን በልቼ ወንበሬ ላይ እንደተደገፍኩ ተራዬን እጠብቃለሁ። ውሃ ጥሙ ሲብስብኝ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ሲመጣብኝ፣ ድካም ነው አልኩ።

አንድ ቀን የጫግኒን ቁልቁለት ስወርድ መንገዱ ጭጋግ የወረደበት መሰለኝ። ጭጋግ አልነበረም፤ ዓይኔ ነው። መኪናው ደግሞ ሰው ሞልቶበታል! እንደምንም ዳር አስያዝኳት። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት "ምነው ልጄ፣ ምን ሆንክ?" አሉኝ።

"እማማ፣ መንገዱ አይታየኝም።"

"ተመስገን፣ እንኳን ቆምን!" አሉ። እኔም ዛሬ እላለሁ፦ እንኳን ቆምን! ክብር ለስሙ ይሁን!

ሐኪሙ ደሜን አስመርምሮ "አቶ አለሙ፣ ስኳርዎ በጣም ከፍ ብሏል። ሲወርድ ብዥታው ሊለቅዎት ይችላል። እንዲህ ከቀጠሉ ግን ዓይንዎንም ኩላሊትዎንም ይጎዳል። እኔ እስክነግርዎ መሪ እንዳይዙ" አለኝ። ወገኖቼ፣ እኔ ከመሪ ሌላ ምን አውቃለሁ? ኪኒን አዘዘልኝ፤ ስልክ ቁጥሬንም ባሕር ዳር ላለች ነርስ ሰጣት። ሲስተር ትዕግሥት ትባላለች፤ የስኳር ሕመምተኞችን እየደወለች ትከታተላለች።

መጀመሪያ ስትደውል ተናደድኩ። "ሲስተር፣ ባሕር ዳር ተቀምጠሽ የእኔን ሆድ እንዴት ታውቂዋለሽ?"

ሳቀች። "አላውቀውም፤ ለዚያ ነው የምጠይቅዎት። ዛሬ ምን በሉ?"

ድንቹንም ዳቦውንም ነገርኳት። "ድንቹን ይቀንሱት፣ ጎመኑን ያብዙት። ለስላሳውን ግን በውሃ ይቀይሩት። ወደ ሥራ ሲመለሱ ደግሞ መኪናው እስኪሞላ አይቀመጡ፣ ይራመዱ" አለችኝ። በየሳምንቱ ትደውላለች። አበቡ እየጸለየች ጎመኑን ትቀቅልልኛለች። ዓይኔ ጠራ፤ ሐኪሙም "ይንዱ" አለኝ። ጌታ ይመስገን! መናኸሪያው ውስጥ ስመላለስ ሾፌሮቹ "አለሙ፣ መኪናህን ሸጥካት እንዴ?" ይሉኛል። እኔ ስቄ መራመድ ነው።

ከዚያ ታላቅ ወንድሜ ዳንግላ ላይ አረፈ። ወገኖቼ፣ ተሰበርኩ። ከለቅሶው ስመለስ ስኳሩ እንደገና ወጥቶ ተገኘ። መናኸሪያ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ሲስተር ስትደውል "በቃኝ፣ ተይኝ። እኔም ወንድሜን ልከተለው" አልኳት። "አቶ አለሙ፣ ዛሬ ስለ ምግብ አንነጋገር። ከፈቀዱልኝ ልጸልይልዎት?" አለችኝ።

እሺ አልኳት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ጸለየች። "ጌታ ሆይ፣ አለሙ የአንተ ነው" ያለችው ግን ጥርት ብሎ ተሰማኝ። የአንተ ነው! መሪው ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እቤት ገብቼ አበቡን "እሁድ አብሬሽ እሄዳለሁ" አልኳት።

ደነገጠች። "ምን አገኘህ?"

"ለካ የእሱ ነኝ" አልኳት። ሃሌ ሉያ! በዚያ እሁድ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ጌታን ተቀበልኩ። የሐዘኔ ክብደት ቀለለልኝ፤ ለመኖር ጉጉት ሰጠኝ። ምግቤንም እርምጃዬንም እንደገና ያዝኩ።

አንዳንድ ወንድሞች "ጌታ ፈውሶሃል፣ ኪኒኑን ጣለው" ብለውኛል። በፍቅር ነው ያሉት፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ስኳሩ ጠፍቷል ብዬ አልዋሻችሁም። ሐኪሙ በቅርቡ ውጤቴን አይቶ "በደንብ ይዘውታል፤ እንዲሁ ይቀጥሉ" አለኝ። ኪኒኔን ጠዋት ጠዋት "ተመስገን" ብዬ ነው የምውጠው። ያሳፍረኛል? አያሳፍረኝም! ሐኪሙንም፣ ሲስተርንም፣ ይህችን ታጋሽ ሚስቴንም የሰጠኝ እሱ ነው። ስሙ ይባረክ!

ከመካከላችሁ ውሃ ጥም አልለቅ ያለው፣ ዓይኑ ብዥ የሚልበት፣ መመርመር ግን የፈራ ካለ፣ አይዞህ፣ አይዞሽ! የምትፈሩትን ውጤት ጌታ ቀድሞ ያውቀዋል፤ አውቆም ይወዳችኋል። ዛሬ ራሳችሁን ለእሱ ስጡ፣ ነገ ጠዋት ተመርመሩ። ብቻውን መሄድ የከበደው ሰው ካለ ስንወጣ በሩ ላይ ያግኘኝ፤ አብረን እንሄዳለን።