ክሪኩ ሳይወርድ

አባቴ ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ በኋላ፣ በየሐሙሱ ሆስፒታል የማመላልሳቸው እኔ ነበርኩ። መኪናችን ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ የሠሩባት አሮጌ ፔጆ ናት። ኤረር በር አጠገብ ካለው ቤታችን ተነስተን በድንጋይ ንጣፉ መንገድ ላይ ስንንገጫገጭ ፊታቸው ይጨማደዳል። «አመመዎት አባ?» ስላቸው «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ለጤናም ለሕመምም መልሳቸው ያው ስለሆነ፣ ሥቃያቸውን የማውቀው የበሩን እጀታ ጨምድዶ ከያዘው እጃቸው ነበር።

መኪናዋን እንዲህ የሚያንገጫግጫት ጎሚኒዋ ማለቁ ነው። ጎማውን የያዘው ብረት ከመኪናዋ አካል ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ያለው ላስቲክ ተበልቶ፣ ብረት ከብረት ይጋጫል። ጋራዥ አልወሰድኳትም። የሾፌር ልጅ ሆኜ መኪናችንን ለሌላ እጅ መስጠት ውርደት መሰለኝ። አዲስ ጎሚኒ ገዝቼ ግቢያችን ውስጥ በክሪክ አነሳኋትና፣ እሳቸው ከአልጋቸው ሆነው በመስኮት እየሰሙኝ ቀኑን ሙሉ ከዛገ ቡሎን ጋር ስታገል ዋልኩ።

ቡሎኑ ጠብቆ የሚታሰረው መኪናዋ መሬት ረግጣ ክብደቷ ካረፈ በኋላ ነው። ተንጠልጥላ ሳለ ከታሰረ፣ ስትወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ መኪናዋም ደርቃ ታነጥራለች። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። እኔ ግን ወገቤ ተቆርጦ ነበር። አውርጄ እንደገና ሥሯ መግባት አስጠላኝና እንደተንጠለጠለች አሰርኩት።

«አውርደህ ነው ያሰርከው?» አሉኝ በመስኮቱ።

«አዎ አባ።»

እኛ ዘንድ ሰው ቲማቲም ሲገዛ እንኳን ሻጩን «ወላሂ በል» ይለዋል። እንደዚያ ቢሉኝ እውነቱን እናገር ነበር። እሳቸው ግን አላስማሉኝም። አምነውኛል ብዬ፣ ሳላፍር ኮራሁ።

አምስት ሐሙስ ተመላለስን። ብረቱ መጋጨቱን ቢተውም መኪናዋ እንደ ጋሪ ታነጥራለች። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለሰልሳል» እላለሁ። «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። በአምስተኛው ሐሙስ ጊደር መጋላ ገበያ ስንደርስ ላስቲኩ ያቃስት ጀመር። ጥግ ይዤ አቆምኩ።

«አባ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ሳላወርዳት ነው ያሰርኩት።»

«አውቃለሁ። ክሪኩ ሲወርድ የሰማሁት አስረህ ጨርሰህ መፍቻህን ከጣልክ በኋላ ነው።»

«ታዲያ ለምን ወላሂ በል አላሉኝም?»

«በውሸት ብትምልስ?» አሉኝ። «ሕመሙን እኔ እችለዋለሁ።»

በማግስቱ ሌላ ጎሚኒ ገዝቼ ቀየርኩ፤ መኪናዋን መሬት አስረግጬ፣ ሥሯ በጀርባዬ ተኝቼ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አሰርኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ፣ ገበያውን ሳናልፍ ራሳቸው ወደ መስኮቱ ዘንበል አለ። ክው አልኩ። ጠጋ ብዬ ሳይ ተኝተዋል። ሆስፒታሉ በር ላይ ስደርስ አላቆምኩም፤ እንዳይነቁ ቀስ እያልኩ ከተማውን መዞር ጀመርኩ። አምስት ሐሙስ ሙሉ ይህን እንቅልፍ የነሳኋቸው እኔ ነበርኩ።