ከወፍጮ ቤቱ በላይ

የወሰዱኝ በምሳ ሰዓት ነው። ኦሎምፒያ አካባቢ ባለው ቢሯችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የምሳ ዕቃዬን ከፍቼ ገና ሁለቴ እንደጎረስኩ ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው የደንብ ልብስ ለብሷል፤ ሌላው ሹራብ። ሹራብ የለበሰው በጣም ትሑት ነበር።

«ኢንጂነር፣ ለአምስት ደቂቃ እንፈልግዎታለን» አለኝ።

እጄን ልታጠብ አልኩት። ፈቀደልኝና በሩ ጋ ቆሞ ጠበቀኝ። ኮምፒውተሬን አላጠፋሁትም፤ አምስት ደቂቃ ማለቱን አምኜ ሳይሆን ማጥፋቱ ስላልታወሰኝ ነው። መኪና ውስጥ በመስኮቱ በኩል አስቀመጡኝ። ዝናብ እያካፋ ነበርና እንደ ልማዴ የመንገዱን ዳር ቦዮች እያየሁ ሄድኩ፤ የትኛው ውሃ እንደሚያሳልፍ፣ የትኛው በቆሻሻ እንደተደፈነ። መፍራት እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ፍርሃቱ አልመጣም። ጣቢያ ስንደርስ ስልኬን፣ የአንገት ሀብሌንና የጫማዬን ማሰሪያ ተቀበሉኝ። ከዚያ በኋላ «እርስዎ» ያለኝ ሰው የለም።

ክፍሉ አራት እርምጃ በአምስት ነው። ለክቼዋለሁ፤ የመለካት ልማድ በር ላይ አይቀሙትም። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ የዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ኖራ ነው። ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ በእሷ በኩል የሚገባው የወንዙ ሽታ ነው። ከላይ ያሉት ጋራዦችና ፋብሪካዎች የሚለቁት ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ጋር ተደባልቆ ይወርድና ፀሐይ ስትወጣ ይከረፋል። ያንን ውሃ ለዓመታት በጠርሙስ እየቀዳሁ ለምርመራ ስወስድ ኖሬያለሁ፤ ውስጡ ምን ምን እንዳለ በስም አውቃለሁ። እዚያ ተቀምጬ ግን ሽታ ብቻ ነበር።

ስድስት ሴቶች አሉ። ማን የት እንደሚተኛ የምትወስነው፣ ካቦ የሚሏት፣ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። ስልክ ሰርቀሻል ተብላ የገባች የቡልጋሪያ ሰፈር ልጅ ናት።

«ማዘር፣ በምንድነው የገባሽው?»

«መሐንዲስ ነኝ።»

«እሱማ ሥራሽ ነው። እኔ የጠየቅኩሽ ወንጀልሽን ነው፣ በቃ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም መሳቅ እንዳለብኝ ገባኝና ፊቴን እንደዚያ አደረግኩት። በሩ ሥር፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ በሚረግጠው ቦታ ላይ ካርቶን አነጠፈችልኝ።

ወንጀሌ ይህ ነው። ከካዛንቺስ ጀርባ ለሚወርደው ወንዝ የጎርፍ ካርታ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሁለት ክረምት ሙሉ ከሁለት ረዳቶች ጋር ቤት ለቤት እየዞርን ውሃው እስከየት ይደርስ እንደነበር ሰው ጠይቀናል፤ በየግድግዳው ላይ ጎርፍ ትቶት የሄደውን ምልክት ለክተናል። በመጨረሻ ካርታው ላይ አንድ ቀይ መስመር አሰመርኩ። ከመስመሩ በታች ያለ ቤት ክፉ ክረምት ከመጣ አይተርፍም፤ ከበላዩ ያለው ይተርፋል። ከዓመት በኋላ ለሕዝብ የተለጠፈው ካርታ ላይ ስሜም ፊርማዬም አለ። መስመሩ ግን ዳገቱን ወጥቶ፣ ውሃ በተአምር እንኳ የማይደርስባቸውን ቤቶች ጠቅልሎ፣ አስፋልቱ ጋ ቆሟል። ለአለቃዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። መልስ የለም። ከአለቃዬ በላይ ላለው ጻፍኩ። «ይታያል» ተባልኩ። ከዚያ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አንድ ሽማግሌ ተነስተው «ይህን ያሰመረው ማነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ከኋላ ወንበር ተነስቼ «ያ መስመር የኔ አይደለም» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ሹራብ የለበሰው ሰውዬ የመጣው በአራተኛው ቀን ነው። ክሱ ሕዝብን ማነሳሳት ይላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንዴት እንዳለፉ ብዙ አላስታውስም። እህቴ ልብስና ምግብ አምጥታ እንደነበር አውቃለሁ፤ ምን እንደበላሁ አላውቅም። ሴቶቹ ሲያወሩ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ስሜ ሲጠራ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚሰማኝ። የደነዘዘ ጥርስ በምላስ ሲነኩት እንደሚሆነው፣ ራሴን ስነካው የሌላ ሰው ነበርኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንዲት እናት አስገቡ። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ነጠላቸው ከታች ጭቃ የነካው። ካቦዋ ብድግ ብላ የራሷን ፍራሽ ለቀቀችላቸው።

«እማማ፣ እርስዎን ደግሞ ምን ብለው ነው?» አለቻቸው።

«ከቤቴ አልወጣም ብዬ ነዋ» አሉ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ቁርስ ስሸጥ የኖርኩበት ቤት ነው። ፉሉም፣ ፍርፍሩም። ሹፌሩም የቢሮ ሰዉም እኔ ጋ ነው ቀምሶ የሚውለው። ጎርፍ ይወስድሻል አሉኝ። ሠላሳ ስምንት ክረምት ያልወሰደኝ ጎርፍ ዛሬ ምን አስቦ ነው የሚወስደኝ? ወንበሬን አውጥቼ በሬ ላይ ተቀመጥኩ። ከነወንበሬ አነሱኝ።»

ካቦዋ በሳቅ ፈረሰች። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን እያራገፉ፣ ለማንም ሳይሆን እንዲሁ፣

«የፈረመችው ሴት ናት አሉ። የተማረች። እኔማ ባገኛት አልሰድባትም። መጥተሽ ደረጃዬ ላይ ቆመሽ እይ ነው የምላት» አሉ።

ካቦዋ ወደኔ ዞረች። «ማዘር፣ አንቺም መሐንዲስ አይደለሽ? ታውቂያታለሽ?»

«ብዙ መሐንዲስ አለ» አልኩ።

ይህን ያልኩበትን ድምፅ አስታውሳለሁ። ተራ ድምፅ ነበር። ሰዓት ስንት ነው ተብሎ የሚመልስ ሰው ድምፅ።

አራት ሰዓት ላይ መርማሪው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈው ካርታ ተዘርግቷል፤ አጠገቡ አንድ ገጽ ጽሑፍ አለ። ካርታው ሙሉ በሙሉ የእኔ ሥራ መሆኑን፣ ስብሰባው ላይ የተናገርኩትም በስሕተት መሆኑን አረጋግጣለሁ ይላል።

«ፈርሚና ራትሽን ቤትሽ ብዪ» አለኝ።

«ካልፈረምኩስ?»

«እኛ አንቸኩልም።»

አልተቆጣም። እንዲያውም ሻይ አዘዘልኝ። ስኳር በዝቶበት ነበር፤ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። «እስከ ከሰዓት ላስብበት» አልኩት። ለመፈረም ነበር ያሰብኩት። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ሆኜ እንዳልታይ ነው። እውነት፣ ሙያ፣ ሕዝብ የሚባል ነገር አልመጣብኝም። አልጋዬ ላይ መተኛት ነበር የፈለግኩት። እስከ ከሰዓት ያልኩትም ከወንበሩ ተነስቼ እስኪብርቶ ማንሳት ራሱ ስለከበደኝ ነው።

ስመለስ ስንቅ ገብቷል። የእናትየዋ ልጅ ድፎ ዳቦ አምጥታላቸው ነበርና በእጃቸው እየቆረሱ ለሁሉም ያድላሉ።

«ነይ ልጄ፣ አንቺ ጠዋትም አልቀመስሽም» አሉኝ። የቆረሱትን ዘረጉልኝ።

አልተቀበልኩም። «እማማ፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ካቦዋ የያዘችውን ዳቦ ወደ አፏ ሳታደርስ ዞረች።

«አንቺ?»

«ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ። መስመሩን ገፍተው እላይ ያወጡት ሌሎች ናቸው። የእርስዎ ቤት የት ጋ ነው?»

«አሁን ማወቁ ምን ያደርግልሻል?»

«ይንገሩኝ።»

«ከወፍጮ ቤቱ በላይ። ሦስት ደረጃ ያለው፣ ሰማያዊ በር።»

አስታወስኳቸው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላስታወስኳቸውም። ምናልባት እሳቸው ጋ ቁርስ በልቼ ይሆናል። ወፍጮ ቤቱን ግን አውቀዋለሁ። ግድግዳው ላይ፣ ከመሬት ጉልበት በሚያህል ከፍታ፣ የድሮ ጎርፍ የተወው ቡናማ ምልክት አለ። መለኪያውን ደግፌ የቆምኩት ራሴ ነኝ። መስመሬ የሚያልፈው በዚያ ወፍጮ ቤት ጥግ ላይ ነው።

«የእርስዎ ቤት ውሃ አይደርስበትም» አልኳቸው። «የፈለገ ክረምት ቢመጣ አይደርስም።»

ያለቅሳሉ ወይ ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ታች ያለችውስ?» አሉ። «ከወፍጮ ቤቱ ሥር፣ ከልጆቿ ጋር ያለችው ጎረቤቴ?»

«እሷን ይወስዳታል። እሷ መነሳት ነበረባት።»

«ይሄንንም ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ይሄኛው የኔ ነው።»

«ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም። ለቢሮ ነው የጻፍኩት።»

«ለቢሮ» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀደም ብለው የዘረጉትን ዳቦ ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ይቅርታ ይሁን ልማድ ለይቼ አላውቅም። በላሁት። በሦስት ቀን ውስጥ ጣዕሙ የተሰማኝ ምግብ እሱ ነው፤ ጥቁር አዝሙድ ነበረው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መርማሪው ፊት ተቀመጥኩ።

«ወሰንሽ?»

«እስኪብርቶ ይስጡኝ።»

ሰጠኝ። ወረቀቱን ትቼ ካርታውን ወደ ራሴ ሳብኩት። መጀመሪያ ድልድዩን አገኘሁ፤ ከዚያ ወፍጮ ቤቱን። ከድልድዩ ጀምሬ የወንዙን ጠመዝማዛ እየተከተልኩ፣ በወፍጮ ቤቱ ጥግ አድርጌ፣ መስመሬን እንደገና አሰመርኩት። በእጅ ነውና ፍጹም አይደለም፤ አንድ ሁለት እርምጃ ያህል እዚህም እዚያም ሳይዛነፍ አልቀረም። አልፈራሁም። ደፋር ስለሆንኩ አይደለም፤ ያን ጊዜ ውስጤ የሚፈራ ነገር አልነበረም። ከሥሩ «የሠራሁት ይህንን ነው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ከዚያ እስኪብርቶውን ከድኜ መለስኩለት።

መርማሪው ካርታውን አዙሮ አየው።

«አበላሸሽው እኮ» አለ። «ሌላ ኮፒ የለንም።»

«ይቅርታ» አልኩት። አጥፎ ፋይሉ ውስጥ ከተተው።

ክፍል ስገባ እናትየዋ ቀና አሉ። «ፈረምሽ?»

«ፈረምኩ። ወፍጮ ቤቱ ጥግ ላይ።»

ገባቸው። «እንግዲያ ከኛው ጋር ሰንባች ነሽ» አሉና ፍራሹ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ካቦዋ ካርቶኔን ከበሩ ሥር አንስታ ግድግዳው ጋ አቆመችው።

እሳቸው በገቡ በሁለተኛው ቀን ተፈቱ። እኔ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየሁና በዋስ ወጣሁ። ፋይሉ አልተዘጋም፤ የጠራኝም የለም። ሥራዬን ስለቀቅኩ፣ ወይም ስላስለቀቁኝ፣ አሁን ሜክሲኮ አካባቢ ባለች ትንሽ የግል ቢሮ ውስጥ ነው ያለሁት። ሰማያዊው በር ፈርሷል። ቦታው ላይ ሣር ተተክሏል፤ ያምራል፣ አላማርርም። እናትየዋ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው አንድ ጊዜ ስልክ ደውለውልኛል።

«አራተኛ ፎቅ ነኝ ልጄ፣ እዚህስ የሚደርስብኝ ጎርፍ የለም» ብለው ሳቁ። ቁርስ መሸጡን ትተዋል፤ ለፉል ብሎ አራት ፎቅ የሚወጣ ሰው የለም። ታች የነበረችው ጎረቤታቸው የት እንደገባች እሳቸውም አያውቁም።

ስለ እስሩ የሚጠይቁኝ ሰዎች መስማት የሚፈልጉት ስለተገፋው መስመር ነው፤ እሱንም እነግራቸዋለሁ። ለብቻዬ ስሆን የማስበው ግን ስለ ትክክለኛው ነው። ከእሱም በታች ሰው ነበር፤ እኔም የቤቷን ቁጥር እያወቅኩ ልነግራት በሯን አላንኳኳሁም።

አሁን የጎርፍ ሥራ ሲመጣ፣ ካርታው ከእጄ ሳይወጣ፣ ከመስመሩ በታች ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ አንኳኳለሁ። ማን እንደሆንኩ እነግራቸዋለሁ። ውሃው እስከየት እንደሚመጣ ግድግዳቸው ላይ በእጄ አሳያቸዋለሁ። አንዳንዶቹ «ነይ ግቢ» ይሉኛል። አንዳንዶቹ ይሰድቡኛል። ቆሜ እሰማለሁ።