ሙሴ ማን ነው?

ይህን እስከ ትናንት ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለሟች ባለቤቴ አልነገርኳትም። የነፍስ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ቁጣዬን፣ ጾም መሻሬን፣ በወንድሜ መቅናቴን ሁሉ ዘርዝሬአለሁ፤ ይህችን ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዣት ተነሥቻለሁ። ስለዚህ የምናገረው ለእናንተ ነው፣ ፊቴን ለማታዩት። ስሙኝ እንጂ አታባብሉኝ።

ስቶክሆልም ውስጥ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ አካላ በሚባለው ሰፈር የምኖር ሽማግሌ ነኝ። ባልና ሚስት ሲጣሉ የምጠራው እኔ ነኝ። ልጆች የአባታቸውን አማርኛ ሰምተው በስዊድንኛ ሲመልሱና አባት ሲከፋው፣ ተወው ሰምቶሃል ብዬ የማረጋጋው እኔ ነኝ። ስናገር አልንተባተብም፣ ሰውም ያምነኛል። ይህን የምለው ልመካ አይደለም። እርግጠኛ ሆኖ መናገር ያኔም ልማዴ ነበር፤ ሰው የጎዳሁትም በዚሁ ልማዴ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰው የሚካኤል ማኅበራችን ነው። በየወሩ በተራ እየደገስን ጽዋ የምንጠጣ ጥቂት ሰዎች ነን፤ ቀኑ የሥራ ቀን ላይ ከዋለ ወደ እሑድ እንገፋዋለን። ልጄ ማልሞ ነው የሚኖረው፣ ሚስቴ የለችም፤ ብታመም ሾርባ ይዘው የሚመጡት እነዚሁ ማኅበርተኞች ናቸው። ያለፈው ተራ ከከተማው ወጣ ብሎ ኡፕላንድስ ቬስቢ፣ ወይዘሮ አስካለ ቤት ነበር። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ወሬው እንደ ልማዱ ወደ ጦርነት ሄደ። ናሆም የሚባል ልጅ አለ፣ ለኮምፒዩተር ሥራ ከአዲስ አበባ በቅርብ የመጣ፣ ጨዋ ልጅ ነው። «አንድ ሰው ተገርፎ መቶ ሰው የሚተርፍ ከሆነ ኃጢአቱ የቱ ላይ ነው?» አለ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ወታደር ነበሩ። ይሠራል አይሠራም?» አለኝ።

መልሱን እዚያ ቤት ከነበረው ሰው ሁሉ አብልጬ የማውቀው እኔ፣ «እንደ ሁኔታው ነው» አልኩ።

እንደ ሁኔታው። ልጁም አመስግኖኝ ሳህኑን አነሣ። የዚያኑ ዕለት ደግሞ የማኅበሩ ሙሴ እንድሆን መረጡኝ። ሙሴ የጽዋ ማኅበር መሪ ነው፤ ተራ ያስጠብቃል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም አቀርቅሬ ምርቃት ተቀበልኩ። ስንመለስ ናሆም በፔንድሉ ባቡር አብሮኝ ተሳፍሮ፣ ቦርሳዬን ይዞልኝ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። ባቡሩ ላይ ልነግረው እችል ነበር። ስለ ብርዱ አወራሁት።

በዚያች ሙሴ በምትባል ቃል እኔ ሰው አስገርፌአለሁ።

ወደ ስዊድን ከመሰደዴ በፊት፣ አገር ቤት፣ ወጣት ሃምሳ አለቃ ነበርኩ። ጦርነቱ ወሎን በሚያምስበት ጊዜ አንድ የጦር ሰፈር ውስጥ መረጃ ክፍል ተመድቤ ነበር። ሥራዬ መጠየቅ ነው። የሚመቱ ሌሎች ነበሩ፤ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጠይቃለሁ። እጄን በማንም ላይ አላነሣሁም እያልኩ ስንት ዘመን ራሴን ሳጽናና ኖርኩ። የማይረባ መጽናኛ ነው። ዱላው የሚወርደውም የሚቆመውም በእኔ ጥያቄ ነበር።

አንድ ጠዋት ጠባቂዎቻችን አንድ ገበሬ ይዘው መጡ፤ በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው። ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ሲሻገር ኬላችን ላይ የተያዘ ነው። በነጠላ የጠቀለለው ጽዋ በእጁ ነበር። ወዴት ነው ሲሉት ወደ ማኅበር፣ ማን ላከህ ሲሉት ሙሴው ብሏቸዋል። ሻምበላችን ይህን ሲሰማ ከተቀመጠበት ተነሣ። የስንቅ መኪኖቻችን በማግስቱ ሊያልፉ ነው፤ ከሁለቱ መንገዶች በአንዱ ፈንጂ ተቀብሯል የሚል ወሬ ደርሶናል፤ በየትኛው እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ሻምበሉ ደግሞ ከልጅነቱ በጦር ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ነበር፤ ማኅበር ሲባል ድርጅት፣ ሙሴ ሲባል የአዛዥ የምሥጢር ስም ነው የሚታየው። እኔን አስጠራኝና፣ «ይህ ሙሴ የሚሉት ነገር ምንድን ነው? የምታውቀው አለ?» አለኝ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። አላውቅም ነበር ብል እዋሻችኋለሁ። እናቴ የማርያም ማኅበርተኛ ነበረች። የማኅበሩ ሙሴ ቤታችን ሲመጡ በር ላይ ወጥቼ ጉልበታቸውን ስሜ የምቀበላቸው እኔ ነበርኩ። ከሻምበሉ ፊት ቆሜ፣ ጌታዬ፣ ይህ የጽዋ ማኅበር ነው፣ ሽማግሌው ይለቀቁ ብል ያበቃ ነበር። እኔ ግን «ሽፋን ሊሆን ይችላል» አልኩ።

ለምን አልኩ? ፈርቼ ነው? አልፈራሁም፤ ሻምበሉ ይወደኝ ነበር። ገበሬውን ጠልቼው ነው? አላውቀውም እንኳ። እኔ ጎበዝ መባል ፈልጌ ነው። ማንም የማያየውን የማይ፣ ከዳቦና ከጠላ ጀርባ ጠላት የማሸት ሰው መሆን አማረኝ። እናቴ በየወሩ የምታደርገውን ነገር ከእናቴ በላይ ያወቅሁ መሰለኝ። «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ ሻምበሉ። «እርግጠኛ ነኝ» አልኩ።

ያደረግነውን በስሙ ልጥራው፤ ወፌ ላላ ነው። እጅና እግሩን አስረው በእንጨት አንጠልጥለው ውስጥ እግሩን ገረፉት። እኔም ጠየቅሁ። ሙሴ ማን ነው? ጽዋ ነው፣ የሚካኤል ጽዋ ነው አለ። እውነቱን ነበር። እውነቱን መሆኑን እያወቅሁ እንደገና ሙሴ ማን ነው አልኩት። እውነት እንደማያስጥለው ሲገባው ውሸት መፈለግ ጀመረ፤ የሚፈልገውም ፊቴ ላይ ነበር። ስኮሳተር ይተዋል፣ ፊቴ ሲፈታ ይቀጥላል። «ምን ልበል ጌታዬ? እርስዎ ይንገሩኝና እላለሁ» አለኝ። ልጁ ልሆን የምችለውን እኔን እርስዎ ይለኛል፣ እኔ አንተ እለዋለሁ።

የማኅበርተኞቹን ስም አንድ በአንድ አወጣ። ሙሴው የመንደሩ ቄስ መሆናቸውን ተናገረ። ፈንጂው በላይኛው መንገድ ነው ወይስ በታችኛው አልኩት። እሱ ስለ ፈንጂ ምን ያውቃል? ከሁለቱ አንዱን መረጠ፣ በላይኛው አለ። ዱላው ቆመ። ሻምበሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ እኔም ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም።

በማግስቱ መኪኖቹ በታችኛው መንገድ ሄዱ። ፈንጂው የተቀበረው በታችኛው ነበር። የፊተኛውን መኪና ይነዳ የነበረው አብሮኝ የሠለጠነ ጓደኛዬ ነው፤ የቀበርነው ነገር ብዙም አልነበረም። ማኅበርተኞቹንም ቄሱንም ሌላ የወታደር ጓድ ሄዶ ለቀማቸው፤ የት እንዳደረሷቸው አልጠየቅሁም። ገበሬው በሁለት ወታደር ተደግፎ መኪና ላይ ሲጫን ከሩቅ አየሁት። ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ የማውቀው ነገር የለም።

እንግዲህ ናሆም ይህን ሲሰማ፣ በቃ ግርፋት አይሠራም ማለት ነው ይለኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው እኔ የምቆጣው። ሠርቶ ቢሆንስ? ሰውዬው በእርግጥ አውቆ፣ በእርግጥ ተናግሮ፣ መኪኖቹ በሰላም አልፈው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንዲህ እናዘዝ ነበር? እኔን አታውቁኝም። በየበዓሉ እያወጋሁት ጀግና እባልበት ነበር። ኃጢአት የሆነው ስለከሸፈ አይደለም፤ ስለከሸፈ ለእኔ ታየኝ እንጂ። እኔ ያወቅሁት ይህን ነው። መቶው ሰው የሚባለው እዚያ ክፍል ውስጥ የለም፣ በሐሳብ ነው ያለው። አንዱ ግን ፊትህ ነው፤ እግሩ አብጧል፣ ውሃ ይለምንሃል። መቶውን ለማዳን ነው እያልክ ለራስህ ትነግራለህ፣ የምትሰማውም የራስህን ድምፅ ብቻ ነው። በሌላ ነገር ሁሉ ልሳሳት እችላለሁ፤ በዚህ አልሳሳትም።

ዘመኑ ነው አትበሉኝ። ዘመኑ አፍ የለውም፣ ሽፋን ሊሆን ይችላል ያልኩት እኔ ነኝ። ትእዛዝ ነው አትበሉኝ፤ ሻምበሉ አላዘዘኝም፣ ጠየቀኝ እንጂ። ወጣት ነበርክ አትበሉኝ። ወጣት ሆኜ እናቴን አውቃት ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ወግቼም አልረሳሁም፤ አለመርሳቴ ግን ለዚያ ሰው እግር ምን ፈየደለት?

እሑድ ማኅበሩ ፊት ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ፣ ናሆምም ይሰማል። ከመካከላችን ውጣ ቢሉኝ እወጣለሁ፤ ከእነሱ ሌላ ሰው እንደሌለኝም አውቃለሁ። ይቅር በሉኝ ግን አልላቸውም፣ እናንተንም አልላችሁም። የተገረፋችሁት እናንተ አይደላችሁም፤ በሰው ቁስል ይቅርታ መስጠት አትችሉም።

ትናንት ለወይዘሮ አስካለ ደወልኩላቸው። ሌላ ሙሴ ፈልጉ ስላቸው፣ «ምነው፣ አመመዎት እንዴ?» አሉኝ። እሑድን ሳልጠብቅ እዚያው ስልኩ ላይ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፣ ወይ ያለቅሳሉ፣ ወይ ስልኩን ይዘጉብኛል። ስለ መንገዱም፣ ስለ ሻምበሉም፣ ስለ እኔም ምንም አላነሡም። እንዲህ ብቻ አሉኝ፦ «በጸሎት እንድናስባቸው፣ የኒያን ሰውዬ የክርስትና ስም ማን ይሉታል?»

ከአፉ በዱላ ያወጣሁትን የማኅበርተኞች ስም ዛሬም በየተራ ልጠራላችሁ እችላለሁ፤ የቄሱንም ከነአባታቸው። የእሱን ስም የጠየቀው በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ነው። የክርስትናውንማ ማን ሊጠይቀው? እኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንተ ስለው ነበር።

ወይዘሮ አስካለ ስልኩን ይዘው ይጠብቃሉ።

«አልጠየቅኋቸውም» አልኩ።